ቤዝመንት ወራጅ አለ

ባለቤቴ የዶዮገና ልጅ ናት። ሆሳዕና ከገባን ስንት ዘመናችን፣ እሷ ግን ቆጮ ከገበያ ገዝቶ መብላት እስከ ዛሬ ነውር ነው የሚመስላት፤ ስለዚህ ከግቢያችን ጀርባ፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ጉድጓድ አስቆፍራ፣ በኮባ ቅጠል ለብዳ የምትቀብረው የራሷ ቆጮ አላት። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የጫነችውን ድንጋይ አንስታ ቅጠሉን ስትገልጠው ያ ሽታ ወጣ፤ ኮምጣጣ፣ እርጥብ አፈርና የጠወለገ ቅጠል የተቀላቀለበት፣ የሌላ አገር ሰው አፍንጫውን የሚይዝበት፣ እኛን ግን ምራቅ የሚያስውጠን ሽታ። ሌላ ቀን ቢሆን ጎመኑ ተቀቅሏል ወይ ብዬ እጠይቅ ነበር። ያን ቀን ግን አሜሪካ ካለችው ታናሽ እህቴ ከታደለች ጋር ተነጋግሬ ስልኩን ገና ኪሴ መክተቴ ነበርና፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ ወደ ውስጥ እያየሁ ቀረሁ። "ምነው፣ ሬሳ ያየህ መሰልክ?" አለችኝ ባለቤቴ። የታየችኝ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ የኮባ ቅጠል በሁለት እጇ ጭንቅላቷ ላይ ይዛ ጉድጓድ ውስጥ የቆመች።

ያደግነው ከሞርሲቶ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። አባቴ መጋዝ ሳቢ ነበር። የመጋዝ ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ግንዱ ከፍ ባለ ወጋግራ ላይ ይጋደምና አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው ይስባሉ። አባቴ ከላይ፣ እኔ ከታች። ከላይ ያለው መስመሩን ያያል፣ ከታች ያለው ሰጋቱራ ይቅማል። ትምህርት ቤት ያልገባሁት በዚህ ነው፤ የመጋዙ ሁለተኛ ጫፍ ሰው ያስፈልገው ነበር። በአራት ዓመት የምታንሰኝን ታደለችን ግን አስገቧት፤ ሴት ልጅ መጋዝ አትስብም ተብሎ። ጠዋት ጠዋት ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ ወደ ሞርሲቶ ስትሮጥ፣ እኔ ከግንዱ ሥር ሆኜ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምሸኛት። እሷን ፊደል ያስቆጠራት የእኔ ክንድ ነው እል ነበር። ይህንን ብድር ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔ ግን ዕድሜዋን ሙሉ አስከፍያታለሁ።

ቤታችን ክብ የሣር ቤት ነበር። መሀሉ ላይ አባቴ ራሱ የጠረበው ምሰሶ ቆሟል፣ በአንድ በኩል ላሞቹ ያድራሉ፣ በአንድ በኩል እኛ፤ የላም ትንፋሽና የጭስ ሙቀት እንደ ጋቢ ነበር የሚለበሰው። የሣሩ ክዳን ከመወፈሩ የተነሣ ዝናብ መዝነቡን በድምፅ ሳይሆን በሽታ ነበር የምናውቀው፤ ደረቅ አፈር ውሃ ሲነካው የሚሸተው ሽታ በበሩ ሲገባ እናቴ "መጣ" ትላለች፣ እኛም የበለጠ እንጠጋጋለን።

ያ ቤት ያረጀ ጊዜ እንዴት እንደታደሰ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። አባቴ እሑድ ጸሎት ካለቀ በኋላ ተነሣና "ቤቴ አርጅቷል" አለ፤ ይኸው ነው፣ ተመልሶ ቁጭ አለ። በሳምንቱ ሰው መጣ። አንዱ ቀርከሃ ተሸክሞ፣ አንዱ ሣር፣ አንዱ ደግሞ ጉልበቱንና ቀልዱን ብቻ ይዞ። ሴቶቹ ቡላውን በወተትና በቅቤ አብስለው አታካና አበሉ፤ እኛ ልጆች ጭቃ ረገጥን፤ ጣሪያው ላይ የወጣው ሰውዬ ከታች ያሉትን ሴቶች በየስማቸው እየጠራ "ባልሽ ሣር ማቀበል አቅቶታል፣ ቅቤውን ቀንሺበት" እያለ ሲያስቃቸው ዋለ። ብር የሚባል ነገር በዚያ ግቢ አልተጠራም። ቤት ማለት ለእኛ ጎረቤት የሚሠራው ነገር ነበር። በእናቴ ቋንቋ በሀዲይሳ ውስጥ "ኪራይ" የሚል ቃል ሰምቼ አላውቅም፤ ነገሩ ሲመጣ ቃሉንም ከአማርኛ ነው የተዋስነው።

ነገሩ የመጣው በአንድ መምህር ነው። ከሰሜን ተመድቦ የመጣ፣ ኮቱን በሙቀትም የማያወልቅ ሰው ነበር፤ ሞርሲቶ ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራየ። ታደለች ይህን ከትምህርት ቤት ሰምታ ስታወራ እናቴ ሥራዋን አቁማ አየቻት።

"ምኑን ነው የሚከፍለው?"

"ለቤቱ። ስለሚተኛበት።"

"እንቅልፉን ይገዛል በይኛ" አለች እናቴ፣ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ። "ወይ የእናቱ ልጅ! እንቅልፉን የሚገዛ ሰው ለሆዱ ምን ሊተርፈው?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የመምህሩ ስም በእኛ ቤት "እንቅልፍ ገዢው" ሆነ። በየገበያው ቀን እናቴ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ በታደለች እጅ ትልክለት ነበር። ሰውዬው መጀመሪያ ተግደርድሮ፣ ኋላ ለምዶ፣ በመጨረሻ ቢዘገይበት ታደለችን በዓይኑ የሚፈልጋት ሆነ። እንደ ድሃ ቆጠርነው። ደመወዝተኛ ነበር፣ ኮት ነበረው፣ ያነባል፤ እኛ በባዶ እግራችን አዘንለት። ትክክልም ነበርን። ይህ ትክክለኛ ሐዘናችን ኋላ የት እንደገባ ነው የማይገባኝ።

ጉድጓዱ ደግሞ ከቤታችን ጓሮ፣ እንሰቱ መሀል ነበር። አዲስ እንሰት ተፍቆ እስኪቀበር ድረስ አሮጌው ጉድጓድ ባዶ ይከርማል፤ ልጅ እንዳይገባበት ይከለከላል፣ ስለዚህም ልጅ ሁሉ ይገባበታል። አንድ ከሰዓት ከጎረቤት ልጆች ጋር ድብብቆሽ ስንጫወት ታደለችን ብብቷን ይዤ አወረድኳት። ለእሷ አንገቷ ድረስ ነበር፤ ቁጭ ስትል ጠፋች። ከላይ የኮባ ቅጠል ደረብኩባትና "እዚህ ማንም አያገኝሽም፤ ካልጠራሁሽ እንዳትወጪ" አልኳት። "እሺ ጋሼ" አለች ከቅጠሉ ሥር።

ልጆቹ ፈልገው ፈልገው አጧት። እኔ ኮራሁ። ኩራቴን ሳልጨርስ አባቴ ጠራኝ፤ ከአዲሎ የመጣ ነጋዴ ጣውላ በአስቸኳይ ፈልጎ ኖሯል፣ ግንዱ ተጋድሞ መጋዙ ይጠብቀኛል። ሄድኩ። መሳብ ጀመርን። ሲስቡ ሰው ምንም አያስብም፤ ክንድ ብቻ ነው የሚኖረው። ዝናብ መጣ፣ ሸራ ጥለን ሳብን፤ አባራ፣ ሳብን። ሊመሽ ሲል እናቴ ከጓሮ በኩል ብቅ ብላ "እህትህስ?" አለች።

እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም። ቅጠሉ ከዝናቡ ክብደት ወደ ውስጥ ወርዷል። ታደለች ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ፣ አንዱን ቅጠል በሁለት እጇ እንደ ጃንጥላ ይዛ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ ትንቀጠቀጣለች። ልትወጣ ትችል ነበር። ክንዷን ዘርግታ የእንሰቱን ሥር ብትይዝ፣ አንዴ ብትጮህ። እኔን ስታይ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ አሸነፍኩ?"

"አሸንፈሻል" አልኳት፣ እጇን ይዤ እየጎተትኩ። "ለእማዬ እንዳትነግሪ።" አልነገረችም። ጓሮ እንቅልፍ ጥሎኝ ነው ብላ ለእኔ ይመጣ የነበረውን ዱላ በእሷ ላይ በወረደ ቁጣ አሳለፈችው።

አደግን። አባቴ ሞተ፣ መጋዙ ዛገ፣ እኔ አናጺ ሆኜ ሆሳዕና ገባሁ። ታደለች አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ቢሮ ተላላኪ ሆና ስትሠራ ዲቪ ሞላች፤ ደረሳት። መንደሩ በስሟ ቀለደ፤ ስሟ ታደለች፣ እንዴት አይደርሳት? ጸሎት ቤቱ እጅ ጭኖባት ሸኛት። በሄደች በወሩ ገደማ ደወለች፤ ያኔ የምንቀበለው በሰው ስልክ ነበር፣ መስመሩም እንደ ሩቅ ወንዝ ይጮሃል። የት ነው የምትኖሪው ብዬ ጮህኩ። "ቤዝመንት ነው" አለች። የቀረውን መስመሩ በላው።

እኔ ደግሞ የከተማዋን ስም የነገረችኝ መሰለኝ።

አትሳቁብኝ፤ ወይም ሳቁ። በዚያ ጊዜ የመንደራችን ግማሽ ጎረምሳ ደቡብ አፍሪካ ነበር፤ ጎረቤቴ ልጁ በላከለት ብር ሱቅ ከፍቶ "ደርባን" ብሎ ጽፎበታል፣ ሌላው ፀጉር ቤቱን "ጆበርግ" ብሎታል። የእኔ እህት አሜሪካ ናት፤ የምበልጣቸው እኔ ነኝ። ታደለች በላከችው ብር ወደ ሞርሲቶ በሚያወጣው መንገድ ዳር ቦታ ገዝቼ ቤት ስጀምር፣ የብረት በሩን የሚበይደው ልጅ "ምን ልጻፍበት ጋሼ?" ሲለኝ አላመነታሁም። በትልልቅ ፊደል፣ በቢጫ ቀለም፦ ቤዝመንት። ፊደሉን ማንበብ አልችልም ነበር፤ ግን ማታ ማታ መንገድ ማዶ ቆሜ አየው ነበር፣ ሰው የልጁን ፎቶ እንደሚያይ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የባጃጅ ልጆች ቦታውን በዚያ ስም መጥራት ጀመሩ። ዛሬ ሰፈሩ በሙሉ ቤዝመንት ነው። ሴቶች ጎመን ተሸክመው "ቤዝመንት ወራጅ አለ" እያሉ ደጄ ላይ ይወርዳሉ።

ያኔ በቤተሰባችን ስለ አሜሪካ የተሳሳትነው ይህን ብቻ አልነበረም። ታደለች በስልክ "ደመወዜን ቢል ጨረሰው" ትላለች፤ ሌላ ቀን "ቢል መጥቶብኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም" ትላለች። እናቴ ቢልን ሰው አደረገችው። ክፉ፣ ቀይ፣ ሆዳም ሰውዬ። አንድ እሑድ በምልጃ ሰዓት ተነሥታ "ጌታ ሆይ፣ የልጄን ገንዘብ ለሚበላው ለቢል የሥጋ ልብ ስጠው" ብላ ጸለየች፤ ምዕመኑ ሁሉ አሜን አለ። ከሽማግሌዎች አንዱ ወደ ጎን ወስደው "ሰውዬው በሕግ ያገባት ነው ወይስ እንዲሁ ነው?" ብለው በዘዴ ጠየቁኝ። ለታደለች ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ፣ "ይጸለይለት ጋሼ፤ ግን ልቡ የሚራራ አይመስለኝም" አለች።

ሥራዋ አረጋውያን ቤት ነበር፤ ሰው ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ታጎርሳለች። በሰዓት ነው የሚከፍሉኝ ስትል ስንት ብዬ ጠየቅኋት፣ ነገረችኝ። ማባዛት ከፊደል በፊት ነው የማውቀው፤ ጣውላ በክንድ ለክቶ የሸጠ ሰው ማባዛት አይጠፋውም። የሰዓቱን በቀን፣ የቀኑን በወር አባዛሁ፣ ከዚያ በምንዛሬው አባዛሁት። ጭንቅላቴ ውስጥ እህቴ የፋብሪካ ባለቤት ሆነች። መቀነስ ግን አልሞከርኩም። ደመወዟ ሲገባ ኪራዩ ቀድሞ በሩ ላይ ቆሞ እንደሚጠብቀው፣ የመኪናዋ ኢንሹራንስና ነዳጁ ተከትሎ እንደሚሰለፍ፣ ጥርሷን አሟት ሐኪሙ ስለሚወደድ ክረምቱን በአንድ ጎኗ ስታኝክ እንደከረመች፣ ይህን ሁሉ በየመሀሉ፣ በቀልድ አድርጋ ነግራኛለች። ዶላር እኛ ጋ ሲደርስ ነው የሚበዛው፤ እዚያ አንድ ዶላር አንድ ዶላር ነው፣ እንቁላሉም በዚያው ነው የሚገዛ። ይህ ለመግባት የሚከብድ ነገር አይደለም። እናቴ አንድ የቆርቆሮ ክፍል የተከራየን መምህር አይታ በአንድ አፍታ የገባትን ነገር፣ እኔ ከገዛ እህቴ አፍ ለዓመታት ሰምቼ አልገባኝ አለ። ሊሰማት የሚገባው ጆሮዬ ለግንበኛ ብር እየቆጠረ ነበር።

መደወሉም በእሷ ሂሳብ ነበር። እኔ ሚስድ ኮል አደርጋለሁ፤ አንዴ ጠርቶ ይቋረጣል፣ እሷ መልሳ ትደውላለች። ከሥራ ቦታዋ ወጥታ፣ ብርድ ላይ ቆማ። ሲሚንቶ ጨመረ፣ ሚስድ ኮል። ቆርቆሮ ጨመረ፣ ሚስድ ኮል። ሁልጊዜም መጨረሻው "እሺ ጋሼ" ነው።

አርባን ካለፍኩ በኋላ ፊደል ቆጠርኩ። ጸሎት ቤቱ በከፈተው የጎልማሶች ክፍል፣ የልጅ ልጅ ካዩ ሴቶች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ፣ ጉልበቴ ጠረጴዛው አልገባ ብሎ ወደ ጎን ተቀምጬ። ሀ ሁ ላይ ሳለሁ ሴቶቹ ያሾፉብኝ ነበር፤ "ሚስማሩን እንጂ ብዕሩን አትምታው" ይሉኛል፣ ወረቀቱን ስለምቀደው። ቃል መግጠም በጀመርኩ ሰሞን መናኸሪያው አካባቢ በሚሠራ ፎቅ ላይ በር የመግጠም ሥራ አገኘሁ። አንድ ጠዋት ደረጃው አጠገብ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ቃል አየሁ። ሳልቆጥር አወቅሁት፤ በየቀኑ የማየው የራሴ በር ነው። ቤዝመንት። ከሥሩ ቀስት አለ፤ ቀስቱ ወደ ታች ነው።

ደስ ብሎኝ ነበር የወረድኩት፤ እንደ ዘመድ ቤት። ታች ጨለማ ነው፣ ግድግዳው ያልባል፣ ሲሚንቶ ተከምሯል፣ የውሃ ፓምፑ ያጓራል፤ ዘበኛው ካርቶን ላይ ተኝቷል። እርጥብ አፈርና የታፈነ ነገር ይሸታል። ወጥቼ ፎርማኑን ቤዝመንት ማለት ምን ማለት ነው አልኩት።

"ከመሬት በታች ያለው ክፍል ነዋ ጋሼ። ዕቃ ማስቀመጫ።"

"ሰውስ አይኖርበትም?"

"ሰው?" ብሎ አሰበ። "የቸገረው ይኖርበታል። ያንተ ግን ከመሬት በላይ ነው አይደል?" ልጆቹ ሳቁ፤ የቤቴን በር ሁሉም ያውቁታል። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

እስከዚህ ድረስ ያለው አለማወቅ ነው፣ ለአለማወቅ ሰው ይቅር ይባላል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን እያወቁ ማድረግ ነው። በዚያው ሳምንት ሚስድ ኮል አደረግሁና ስትደውል ስለ ቤዝመንቱ አንድ ቃል አልተነፈስኩም፤ ፎቅ ልጨምርበት አስቤያለሁ አልኳት። "እሺ ጋሼ" አለች። ቅዳሜና እሑድ ሆቴል ማጽዳት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ቤታችን ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እሷ እታች ስንት ዓመት እንደምትጨምር አውቅ ነበር። በሩ ላይ ያለውንም ቃል አላስነሣሁም፤ ትርጉሙን የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ "ማረፊያ ማለት ነው" እል ነበር።

እናታችን የሞተች ጊዜ ታደለች እያለቀሰች "ልምጣ?" አለችኝ። ሥራውን ትታ ብትመጣ ተመልሳ እንደማታገኘው፣ ኪራዩ ግን እሷ ኖረች አልኖረች እንደሚቆጥር ነገረችኝ። የጠየቀችኝ "ነይ" እንድላት ነበር። እኔ ምን አልኩ? "ከምትመጪ የትኬቱን ላኪው፤ ለቅሶውን አሳምረን እንሸኛት።" ድንኳኑ ሰፊ ነበር፣ በሬው የሰባ ነበር፣ ለቀስተኛው እናታችንን ትቶ የታደለችን ስም ሲያነሳ ዋለ። ቀብሩ ላይ ስልኩን ከፍቼ እንድይዝላት፣ ዝማሬውን እንድትሰማ ለምናኝ ነበር። ያዝኩላት፤ ኔትወርኩ ጠፋ።

በዚያ ቤት አንዲት ክፍል ከመሠረቱ ጀምሮ የእሷ ነበረች። በምሥራቅ በኩል፣ መስኮቷ የሞርሲቶን መንገድ የምታይ። አልጋ አስገብቼ ፍራሹን ከነላስቲኩ አስቀምጬ ቆልፌያት ነበር። ከዚያ ባዶ ክፍል አይጥ ያራባል አልኩና ለአንድ መምህር አከራየኋት፤ አሁን ሚስትና ጡት ያልጣለ ልጅ አለው። ዘይት በጨመረ ቁጥር እጨምርበታለሁ። ባለፈው ወር "ኑሮ ተወደደ እኮ" ብዬ ጨመርኩ። "ለእርስዎ ብቻ ነው እንዴ የተወደደው ጋሼ?" አለኝ፣ ከአክብሮቱ ሳይወጣ።

እንግዲህ ታደለች ባለፈው ቅዳሜ የደወለችው ለዚህ ነው፤ የምትኖርበት ቤት ባለቤት ኪራይ ጨምሮባታል። ጉልበቷ ስለታመመ ሆቴሉን ትታለች፤ በአንዱ ደመወዝ ቤዝመንቱንም አትችለውም። "ጋሼ፣ ክፍሌ አለች አይደል?" አለችኝ።

"አለች" አልኩ።

በዚያች ቅጽበት የመምህሩ ልጅ በእሷ መስኮት አለቀሰ።

"የማን ልጅ ነው?"

"የጎረቤት።"

"እሺ ጋሼ" አለችና ዘጋች። ጉድጓዱ ተከፍቶ ያ ሽታ የመጣብኝ ከዚህ በኋላ ነው።

ያን ዕለት ለባለቤቴ ከድብብቆሹ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት። የዶዮገና ሴት አታባብልም። ቆጮውን እየጨመቀች እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "በእሷ ቤት እንግዶቹ እኛ ነን፤ እንግዳ ደግሞ መኝታ ቤት አይመርጥም" አለች። እሑድ በማለዳ የእኛን መኝታ ቤት ለቅቀን ዕቃችንን ወደ ሰርቪሱ ማመላለስ ጀመርን። መሀል ላይ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩና የራሴን ካርድ ሞልቼ ደወልኩ። በሃያ ምናምን ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላቋርጥ አስጠራሁት።

"ማን ሞተ?" አለች፣ ሄሎ እንኳ ሳትል።

"ማንም አልሞተም።"

"ታዲያ አንተ እንዴት ደወልክ?"

ነገርኳት። ክፍሏ እንደተከራየች፣ ያለቀሰው ልጅ የማን እንደሆነ፣ መምህር መሆኑን።

"ጨምረህበታል?"

"ባለፈው ወር።"

"እኔም የጨመሩብኝ ባለፈው ወር ነው።" ይህን ብላ ቀጠለች። "እንዳታስወጣው ጋሼ። እንቅልፍ ገዢ ነው። እማዬ ብትኖር ቆጮ ትልክለት ነበር።"

ገና ይህን ስትለኝ አንድ ባጃጅ ደጄ ላይ ቆመና ከውስጡ የሴት ድምፅ "ቤዝመንት ወራጅ አለ!" አለ።

"ምንድነው ያለችው?" አለች ታደለች።

ለካ አታውቅም። ያን ሁሉ ዓመት የቤቱን ፎቶ ስልክላት በሩን እያስቀረሁ ነበር። ስለ ጽሑፉ፣ ስለ ደርባን ሱቅ፣ ስለ ቀስቱ ነገርኳት። ሳቀች፤ ለቢል እንደሳቀችው፣ እንባዋ እስኪመጣ። ጠዋቱኑ ፊደሎቹን አስነሣለሁ አልኳት።

"ተወው" አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። "ባጃጁ የት ሊያወርደኝ ነው ታዲያ?"

የሣር ቤታችን ዛሬ የለም፤ ቦታው ላይ የአጎቴ ልጅ ባሕር ዛፍ ተክሏል። "ቤቴ አርጅቷል" ብሎ ቁጭ የሚል ሰው፣ ሰምቶ ቀርከሃ የሚሸከም ጎረቤትም አላውቅም፤ እኔ ራሴ ብሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው የቀኑን ሂሳብ ነው። የቀረችኝ ያቺ ልጅ ናት። ከነፎቁ ቤት ሠርታልኝ አንድ ቀን ጣሪያው ሥር ያልተኛች። ሌላ የምላት ነገር አልነበረኝም፤ ያኔ በልጅነታችን፣ ዝናቡ ሳይመጣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ ልላት ይገባ የነበረውን አልኳት።

"ታደለች፣ ነይ ውጪ። አሸንፈሻል።"

የምለው ወዲያው ገባት።

"እዚህ እኮ መሽቷል ጋሼ" አለች።

እኔ ጋ ፀሐይዋ ገና በሩ ላይ ያሉትን ቢጫ ፊደሎች መንካት መጀመሯ ነበር።